ፊቱን ላዞረ ሕፃን

አክስቴ በገበታ ላይ ለእንግዳ ምሕረት አልነበራቸውም። «በሞቴ» ብለው ጉርሻ ከዘረጉ እምቢ ማለት አይታሰብም። ሕፃን ፊቱን ካዞረ በኋላ ግን አንዲት ጠብታ እንኳ እንዲጨመርበት አይፈቅዱም ነበር።

ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ በውጭ አገር፣ ሃውገሩድ በሚባል ሰፈር ባለው ቤታችን ከአክስቴ ጋር አብረን እንኖር ነበር። ባሏ ሥራ አልነበረውም፤ የዱቄት ወተቱም ውድ ነው። ስለዚህ ሕፃኑ አፉን ቢዘጋም ጠርሙሱን ሳታስጨርሰው አትተወውም። አንድ ቀን በጤና ጣቢያ ክብደቱ ከልክ በላይ እየጨመረ መሆኑን ነገሯትና እያለቀሰች ገባች።

«እንዳይርበው ብዬ እኮ ነው» አለች።

«አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ» አሉ አክስቴ። «የሆዱን ልክ ግን ጠርሙሱ አያውቅም፤ የሚያውቀው እሱ ነው።»

«ታዲያ እኛን ለምን በግድ ያጎርሱናል?»

«እናንተማ እግር አላችሁ፤ ሮጣችሁ ታመልጣላችሁ።»

ልጄ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ሕፃኑ ያስተረፈውን ወተት የሚደፉላት አክስቴ ነበሩ፤ እሷ አንጀቷ አልችል ይላታል።

አክስቴ ባለፈው የብርድ ወር አረፉ። በአርባቸው ዕለት ቤቱ በሴቶች ተሞልቶ ሳለ ሕፃኑ ከጠርሙሱ ፊቱን አዞረ። አንዲት ጎረቤታችን ልጄን «ልጁ እኮ ከስቷል፤ አስጨርሺው እንጂ» አለቻት። እኔ ሳላስበው ወደ አክስቴ ወንበር ዞርኩ። የእንግዶች ካፖርት ተከምሮበት ነበር።

ልጄ «ጠግቧል» ብላ ተነሣችና የቀረውን ወተት ራሷ ደፋችው።