በሁዳዴ የተበጠሰው ጅማት

ያን ለት ጧት ጥጥ እዳምጥ ነበር። ድንጋዩ ላይ ጥጡን አድርጌ ብረቷን በመዳፌ እየተጫንሁ አንከባልላለሁ፤ ፍሬው ቷ ቷ እያለ ይፈናጠራል። ከኋላዬ መደቡ ላይ አማቴ ይነድፋሉ። አማቴ ማለት የአባትሽ አያት ናቸው፤ አንቺ አልደረስሽባቸውም። ቢቸና ባለው በአሮጌው ቤታችን ነው ይኸ የሆነው። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እሳቸውና እኔ ነን፤ አባትሽ ደብረ ማርቆስ ትምህርት ላይ ነበር። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው።

ደጋን አላየሽምና ልንገርሽ፣ ጻፊው። ቀርከሃ ይጎብጥና ከጫፍ እጫፉ ጅማት ይወጠርበታል። ቀስት ነው በይው፤ ፍላጻ የለውም እንጂ መልኩ ቀስት ነው። በግራ እጅሽ ትይዥዋለሽ፣ በቀኝሽ ጅማቱን ጥጡ መሀል እየከተትሽ ትመችዋለሽ። ጅማቱ ሲንቀጠቀጥ ጥጡ ይፍታታል፣ ይነሣል፣ እንደ ወተት አረፋ ይሆናል። ያን ጠቅልለሽ ባዘቶ ታደርጊና ትፈትያለሽ። ከሁሉ እጅ የሚፈልገው መንደፉ ነው።

አማቴ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ እጃቸው ላይ የቀረ ሥራ ይኸ ብቻ ነበር። በጆሯቸው ነው የሚነድፉት። ጥጡ ገና ጓል ሳለ ጅማቱ ድም፣ ድም ይላል፤ እየተፍታታ ሲመጣ ድምፁ ይከፈታል። ያኔ «በቃው፣ አንሺልኝ» ይሉኛል። አንድ ቀን ተሳስተው አያውቁም። ልጃቸው የሞተ ጊዜ የወንድማቸው ልጆች ከአምበር መጥተው፣ ከዚህ ምን ይሠራሉ፣ እንውሰድዎ ብለዋቸው ነበር። «ምን ልሠራ? ነድፌ እበላለኋ! እሷስ እኔ ሳልነድፍላት ምኗን ትፈትላለች?» ብለው መለሷቸው። እውነትም ነበር። እሳቸው እየነደፉ እኔ እየፈተልሁ ነው ያ ቤት የቆመው።

እና ያን ለት ጧት ከኋላዬ ጧ! አለ። ዞር ስል ቀርከሃው ጭናቸው ላይ ቀጥ ብሏል። ጅማቱ ተበጥሶ ገርፏቸው ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተዋል።

«የተረፈ ጅማት አለ?» አሉኝ።

ጓዳ ገባሁ። ከማገሩ ላይ አንጠልጥዬው የነበረውን ብፈልግ አይጥ ጨርሶታል፤ ማሰሪያው ብቻ ነው የቀረኝ።

«የለም እሜቴ።»

ለሁለታችንም የገባን ነገር አንድ ነው። ሁዳዴ ነዋ! ጾሙ ገና አጋማሹ አልደረሰም። እስከ ፋሲካ በሬ የሚያርድ የለም፤ በሬ ካልታረደ ጅማት ከየት ይመጣል? ቢታረድስ እስኪደርቅ፣ እስኪቀጠቀጥ፣ ተሰንጥቆ እስኪገመድ ስንት ቀን አለው!

«እንግዲህ የኔ ሥራ አለቀ» አሉና ደጋኑን ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

እኔ እንደ ዋዛ ሰማሁት።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ መጣች። አጥር ለአጥር ነን፣ እኩያዬ ናት፣ አፏ አይዘጋም። ነገሩን ስትሰማ፣ «እሜቴ፣ የኔን ደጋን ይውሰዱ። እኔ እንደሆን ሰነፍ ነኝ፤ እስከ ፋሲካ ቢሰቀል አይናፍቀኝም» አለቻቸው።

«ያንቺ ደጋን እንዳንቺ ነው፣ ሳይነኩት ይጮሃል» አሏት። ሳቅን። «እጄ አያውቀውም ልጄ። ተይው።»

«እንግዲያ ምራትዎ ሞጣ ወንድሟ ዘንድ ትላክበት። እዚያ እስላሞቹ ያርዳሉ፣ ጅማቱን ማን ይበላዋል?»

«ማንም ይረደው፤ በኔ ጾም የታረደ ነው። እጄን አላስነካውም።»

በዚያው ቀረ። እኔም የተዳመጠውን ጥጥ አጠራቅሜ ሌላ ሌላ ሥራ ያዝሁ። ቤቱ ግን ጭር አለ። ያ ድም ድም የሚለው ነገር ስንት ዓመት ሙሉ ከጀርባዬ ሲል የኖረ ነው፤ ሲጠፋ ጊዜ ወገቤን የሚደግፈኝ ነገር የተወሰደ መሰለኝ።

አማቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው መዋል ጀመሩ። ንስሐ አባታቸው ለእርጅናቸው ብለው ቀትር ላይ እንዲቀምሱ ፈቅደውላቸው ነበር። አሁን ቂጣ በተልባ ሳቀርብ «አስቀምጪው፣ ጾም ነው» ይላሉ። ኋላ መጥቼ ሳይ ሳህኑ ባዶ ነው። በልተዋል ብዬ አነሣለሁ። ደግሞ ነጠላቸውን ሳስተካክልላቸው ትከሻቸው እጄ ላይ እንደ እንጨት ይሆንብኛል። ሁዳዴ ነው እላለሁ። በሌላ ወር ቢሆን አገር ይጠይቀኝ ነበር፣ ምነው አማትሽ ከሱ ብሎ። በሁዳዴ የከሳ ሰው ማን ልብ ይለዋል? ሰው ሁሉ ከስቷል።

አንድ ቀን ጎረቤቴ አጥሩን ተደግፋ፣ «ያንቺ ዶሮዎች ምነው በጾም ወፈሩ? እኛ ስንከሳ እነሱ ይፋፋሉ። ምን እያበላሻቸው ነው?» አለችኝ።

«ምን አበላለሁ! ጭረው ነዋ» አልሁ።

አየችኝና ሌላ ነገር ሳትናገር ገባች። እሷ ዝም ስትል ደነገጥሁ። ዶሮዎቹን ብመለከት ደጅ አይጭሩም፤ መደቡ ሥር ነው ውለው የሚያድሩት። እንስራዬን አዝዬ ውኃ ልቀዳ ነው ብዬ ወጣሁና ከበሩ ቆምሁ። አማቴ ቂጣውን ይፈረፍራሉ፣ በመደቡ ጥግ ቁልቁል ይለቃሉ። እጃቸው ሲያልቅበት ሳህኑን ዳብሰው ይጠርጋሉ። አንድ ጉርሻ አፋቸው አልገባም።

እንስራዬን አስቀምጬ ገባሁ።

«እሜቴ፣ ለምን አይበሉም?»

«ጾም ነው አልሁሽ።»

«ንስሐ አባትዎ ፈቅደውልዎ የለም እንዴ?»

«እሳቸው ፈቀዱ። እኔ አልፈቀድሁም።»

«ጾሙስ ፋሲካ ላይ ያልቃል። ከፋሲካ ወዲያ ይበላሉ?»

ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡት። ያኔ ነው የገባኝ። ጾም አልነበረም። ሥራ ሳይሠሩ ላለመብላት ቆርጠዋል፤ ሁዳዴው ሲሸፍንላቸው ጊዜ ደግሞ ቀስ ብለው ከዚህ ዓለም ሊሄዱ ነው። ለሰው ብነግር ጾም አስፈታች እባላለሁ። ለአባትሽ ብልክበት ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል፤ መጥቶስ ምን ያደርጋል?

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍም የለኝ። በመጀመሪያ የማዳበሪያ ከረጢት ተርትሬ ገመድሁና ወጠርሁት። ሁለቴ ስመታው ተሰነጣጥቆ ጭገር አወጣ፣ ጭገሩ ከጥጡ ተደባለቀ። ከዚያ ከሱቅ አረንጓዴ ናይለን አመጣሁ፤ ወፍራም ነው፣ ጥጡን ሳይፈታው ይረግጠዋል። ሞጣ ያለው ወንድሜ ዘንድ ላክሁበት፣ ቀጭን ሆኖ የማይበጠስ ክር ካለ ፈልግልኝ ብዬ። በአውቶቡስ ረዳት እጅ አንድ ጥቅልል ላከልኝ። ውስጡን የሚያሳይ፣ ውኃ የመሰለ ክር ነው። ረዳቱ እንዲህ አለኝ፤ «ባሕር ዳር ዓሣ የሚያጠምዱበት ነው። ይኸን የሚያህል ዓሣ ይጎትታል፣ የእርስዎን ጥጥ አያቅተውም ብሏል ወንድምዎ።»

መደቡ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ልክ ጅማቱን እንደምንወጥረው፣ ክርር አድርጌ ወጠርሁት። ስመታው ጢዝዝ! አለ። ጥጡ ደግሞ መነደፉን ትቶ ክሩ ላይ ይለጠፋል፤ ላስቲክ ፀጉር ስቦ እንደሚይዘው። ሰም ብቀባው ባሰበት። ጠርጌው አመድ አሸሁበት፤ መለጠፉን ተወ። ጢዝታው ግን አልተወም።

አማቴ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ «ምንድን ነው የሚጮኸው? ትንኝ ነው?» አሉ።

«ደጋንዎ ነው።»

«የኔን ደጋን ነው ትንኝ ያደረግሽው?»

መልሼ መታሁት። ጢዝዝ። የላላ መስሎኝ ፈትቼ ይልቁን አጠበቅሁት። ቀርከሃው ቀጭ አለ። አሁን በእልህ ነው የያዝሁት፤ እንባዬም ይወርዳል፣ እሳቸው አያዩኝም። እንደገና ላጠብቅ ስል አማቴ ተፈናጥረው ዞሩ።

«ኧረ አቁሚ! ልትሰብሪው ነው! አይሰማሽም ሲያቃስት? እጅ ነው ወይስ ቀንበር ነው ያለሽ? አምጪ ወዲህ!»

ሰጠኋቸው። ጣታቸውን ክሩ ላይ ከዳር እዳር ሰደዱ። ወደ አፍንጫቸውም አስጠጉት።

«ምን ቀባሽው?»

«አመድ።»

«እሱስ ደግ አድርገሻል።» ቋጠሮውን በጥፍራቸው ፈቱት። «ጅማት ሲስቡት ይለመጣል፣ ይኸ አይለመጥም። እሱ ካልተለመጠ ቀርከሃው ነው የሚጎዳ። ልል ማድረግ ነበረብሽ። ደግሞም ቀጠነ፤ ደርቢና ግመጂው።»

ገመድሁት። ከጫፎቹ ሥር ቁራጭ ቆዳ አስገቡበት፣ ጩኸቱን እንዲያፍንላቸው። ወጠሩ፣ መቱ፣ አላሉ፣ መቱ። ድምፁ ወረደ፤ ግን ድም አይልም፣ ሌላ ነው። ግንባራቸውን ቋጠሩ። ከዚያ የደጋኑን ጫፍ አገጫቸው ላይ አስደገፉና እንደገና መቱ።

«በጆሮ እንጃ። እዚህ ግን ይሰማኛል» አሉ፣ አጥንቱን እየነኩ። «ጥጥ አቅርቢ።»

አቀረብሁ። ነደፉ። ላባቸው እስኪወርድ ነደፉ፣ ባዶ ሆዳቸውን። ከዚያ «በቃው፣ አንሺልኝ» አሉ።

ባነሣው ጓል ነው። እንደዚህ ያለ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም። ደህና ነው ብዬ ጓዳ ወስጄ በኋላ ራሴ ልመልሰው አሰብሁ። ግን አውቃለሁ፣ ጣታቸውን ቢሰዱበት ያገኙታል፤ ያን ለት ውሸቴን ነው የሚያገኙ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ የምለውን ሁሉ አያምኑኝም።

«ገና ነው እሜቴ» አልሁ።

«ገና ነው?»

«ጓል አለበት።»

እጃቸው ደጋኑ ላይ ቆመ። አሁን ያስቀምጡታል፣ አሁን ወደ ግድግዳው ይዞራሉ ብዬ እጠብቃለሁ።

«መልሽው» አሉ።

መለስሁላቸው። እስኪመሽ ያንኑ አንድ እፍኝ ጥጥ ሲነድፉ፣ ሲያላሉ፣ ሲያጠብቁ ዋሉ። በመጨረሻም ሆነ ማለት አልችልም፤ ሊፈተል ግን ይችላል። ላባቸውን ጠርገው፣ «ያች ቂጣ አለች?» አሉኝ።

«አለች።»

«አምጫት። ለዶሮዎቹ እንዳትሰጫት።»

እንደ ዱሮው ጥጥ አልሆነም፣ አልዋሽሽም። የፈተልሁት ክር እየተበጠሰ አስቸገረኝ፤ ሸማኔው እጅሽ ምን ሆነ አለኝ። ለፋሲካ ከቅርጫው ጅማት ደርሶኝ ሰቀልሁት፤ አማቴ ዳብሰው «ይድረቅ» አሉ እንጂ የዓሣውን ክር አልፈቱትም፤ ለመድሁት ይላሉ። እኔ ግን ደጋኑ ትንሽ ዝም ባለ ቁጥር እጄ ከእንዝርቱ ላይ ይቆማል። ሲያርፉም፣ ውኃ ሲጠጡም፣ ዞር ብዬ አያለሁ። እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ እንዲያ ነው የኖርሁት፤ ብዙ ዓመት ነው።

ያን ጥጥ በነደፉ በማግስቱ ነው፣ ጎረቤቴ በቅል ስንዴ ይዛ መጣች። አማቴ ውስጥ ይነድፋሉ፤ ጎረቤቴ ከደጅ ቆማ ጆሮዋን ሰጠች።

«ይኸ ነው እንዴ ድምፁ? ከትናንት ጀምሮ ምን ገባባቸው እያልሁ ነበር» አለች። ቅሉን አስታቀፈችኝ። ስንዴው ጥርት ብሎ የተለቀመ ነው።

«ምንድን ነው?» አልኋት።

«ደጋኑ ዝም ሲል ጊዜ ለለቅሶው ንፍሮ ብዬ ለቅሜ ያስቀመጥሁት ነው።»

«አታፍሪም አንቺ?»

«ምን አሳፈረኝ? ዶሮዎችሽን አይቼ ነዋ! ብቻሽን የምታውቂ መስሎሽ ነበር? በይ ለፋሲካ ድፎ ድፊላቸው።» ልትሄድ ዞረችና ከአጥሩ ዘንድ ቆመች። «ሁሉን ግን አላመጣሁትም። ግማሹ እኔ ዘንድ አለ፤ ይቆይ።»