በአማርኛ የተጻፈችው ኪንግስተን

ሽማግሌው ስቶክዌል በሚባል የለንደን ሰፈር፣ ማዘጋጃ ቤቱ በሚያከራየው በአንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ጊዜው በፈረንጆቹ የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። እኔ ተሰድጄ ለንደን ከገባሁ ሦስት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ሥራዬም አቅመ ደካሞችን ቤታቸው እየሄዱ መርዳት ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ከምኖርበት ከካሌዶኒያን ሮድ ተነሥቼ እሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ። ቁርስ እሠራላቸዋለሁ፣ እግራቸውን አጥባለሁ፣ መድኃኒታቸውን መውሰዳቸውን ቼክ አደርጋለሁ። ስኳር በሽታ ዓይናቸውን ጎድቶት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነበር የሚለዩት።

የጃማይካ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ኪንግስተን ወደብ ላይ ጭነት ይሸከሙ ነበር፤ ለንደን ከመጡ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ሠርተዋል። ሌሎቹ ሠራተኞች በስማቸው ይጠሯቸዋል። እኔ አባቴን የሚያህል ሰው በስሙ ለመጥራት አፌ እምቢ ስላለኝ «አባባ» አልኳቸው። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ልጄ» ይሉኝ ጀመር።

ለንደን ተወልዳ ያደገች አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ ብሪክስተን ውስጥ አስተማሪ ናት። እሁድ እሁድ ምግብ ይዛላቸው ትመጣለች። ስለ አገራቸው ግን አጫውተዋት አያውቁም። አንድ ሰኞ ጠዋት ስገባ ጠረጴዛቸው ላይ የቱሪስቶች መጽሔት አገኘሁ። ልጅቷ ለዕረፍቷ አብረን ኪንግስተን እንሂድ ብላቸው እምቢ ስላሏት፣ ተቀይማ መጽሔቱን እዚያው ትታ ሄዳለች።

«እስቲ አንብቢልኝ» አሉኝ።

በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ማንበብ ጀመርኩ። ስለ ሆቴሎቹ፣ ስለ መዋኛው፣ ትልቅ ነው ስለተባለ የአትክልት ቦታ። ሁለተኛው ገጽ ላይ እጃቸውን አነሡ።

«በቃ። ይሄን የጻፈው ሰው በአውሮፕላን ነው የገባው። ኪንግስተን የምትታየው ከባሕር ነው።»

ከዚያ ጀመሩ። ረጅም የአሸዋ ምላስ ወደቡን ከውቅያኖሱ ይከልለዋል፤ መርከብ ያንን ዞሮ ሲገባ ውኃው ድንገት ጸጥ ይላል፤ ከከተማዋ ጀርባ ተራሮቹ ሰማያዊ ሆነው ይቆማሉ። በአሸዋው ጫፍ ላይ ፖርት ሮያል የሚባል ሀብታም ከተማ ነበር። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ምድር ተንቀጠቀጠችና ግማሹ ከነቤቱ ባሕር ውስጥ ገባ። የተረፉት ሰዎች ወደ ማዶ ተሻግረው የሠሯት ከተማ ናት ኪንግስተን። ከውኃው በታች የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል ይባል ነበር።

«ሰምተዋል እርስዎ?»

«ልጅ ሆኜ ጆሮዬን ጀልባው ላይ ለጥፌ ብዙ ጊዜ አዳምጫለሁ። የሰማሁት ነገር የለም።»

ከዚያ ወዲያ በሄድኩ ቁጥር እግራቸውን ሳጥብ ያወሩልኛል። ከተራራው በእግራቸው የሚወርዱ ሴቶች ቅርጫት በራሳቸው ተሸክመው ስለሚሞሉት የቅዳሜ ገበያ፣ እናታቸውም እዚያ ጦስኝና ቃሪያ ይሸጡ እንደነበር ነገሩኝ። ውኃ ሰማያዊ ስለተቀባው ቲያትር ቤት፣ በየመንገዱ ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ድምፅ ማጉያዎች ተደርድረው ሰው ስለሚጨፍርበት ጊዜም አወሩልኝ። አንድ ቀን ደግሞ፣ «የአያቴን አያት ከአፍሪካ ያመጣት መርከብ የቆመው በዚሁ ወደብ ነው» አሉኝ። «የተሸጠችው እዚያ ነው። እኔም ስኳር የተሸከምኩት እዚያው ነው። መጽሔቱ ላይ ይሄ አለ?»

«የለም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ጻፊው።»

ደብተር ገዝቼ መጻፍ ጀመርኩ። የእንግሊዝኛ ጽሑፌ ንግግራቸውን ስለማይደርስበት በአማርኛ ነበር የምጽፈው። በአማርኛ መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ አለ። «ንጉሣችሁ ከተማችንን ሊጎበኝ ሲመጣ እኔ እዚህ አውቶቡስ ጥገና ላይ ነበርኩ። እኅቴ ሰው አውሮፕላኑን እንደ ጎርፍ እንደከበበው ጻፈችልኝ። አሁን ደግሞ ከተማዬ በእሱ ቋንቋ ተጻፈች» አሉ። እኔ ስለ ንጉሡ ከቤታችን የሰማሁት ሌላ ነበር። ግን እሱን ትቼ መጻፌን ቀጠልኩ።

በመከር ወራት አቅማቸው እየደከመ ሄደ። ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት በነበረው ሳምንት ደብተሩን እንድዘጋው ነገሩኝ።

«ይሄን አትጻፊው። ስወጣ ለእናቴ አምስት ዓመት ብዬ ነበር የነገርኳት። መርከቡ ተነሥቶ እስኪርቅ ወደቡ ላይ ቆማ ነበር። በአሥራ አንደኛው ዓመት ሞተች። ቴሌግራም ደረሰኝ። ለሰው ሁሉ መሄጃ ገንዘብ አጣሁ አልኩ። መሄድ እችል ነበር፣ ልጄ። ያሰብኩትን ሳልሆን ተመልሼ መታየቱን አፍሬ ነው የቀረሁት። ከዚያ በኋላ የከተማዋን ስም ለልጄ ማንሣት አቃተኝ።»

እግራቸውን አደረቅሁና ካልሲያቸውን አጠለቅሁላቸው።

ሆስፒታል በገቡ በአሥር ቀናቸው ዐረፉ። ለቅሶ ደረስኩ። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ሰው ምግብ ይዞ ይገባል፣ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይቀመጣል። ልክ እንደኛ አገር ነው። ልጅቷ ወጥ ቤት ወሰደችኝና በሩን ዘጋችው።

«ጎረቤቶች ሁልጊዜ ከአንቺ ጋር ያወራ ነበር ይሉኛል። ምን ነበር የምታወሩት?»

«ስለ ኪንግስተን።»

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ከሐዘን ይልቅ ቅናት ነበር፤ አልፈረድኩባትም። ደብተር እንዳለኝ፣ ግን በአማርኛ እንደሆነ ነገርኳት።

አራት እሁድ ከሰዓት በኋላ ካሌዶኒያን ሮድ ወዳለችው ክፍሌ መጣች። እኔ እያነበብኩ እተረጉማለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች። አንዳንዱን ቃል ሳጣው በእጄ አሳያታለሁ። የአባቷ አነጋገር በእኔ አማርኛ ውስጥ አልፎ ሲመለስ ምን ያህሉ እንደቀረ አላውቅም። አንዳንዴ ግን ብዕሯን ታቆምና፣ «ይሄ እሱ ነው» ትላለች።

በአራተኛው እሁድ ደብተሩ አለቀ።

«ለምን ለእኔ አልነገረኝም?» አለች።

አባባ «አትጻፊው» እንጂ «አትናገሪው» አላሉኝም። ይህ ማምለጫ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ ወረቀቷን ሰብስባ፣ ኮቷን ለብሳ፣ ደኅና ሁኚ እንኳ ሳትለኝ ወጣች። አደራ በልቻለሁ ብዬ ለብዙ ጊዜ ሰላም አጣሁ። ሥራ ቦታ የምረዳው ሌላ ሰው ስለተሰጠኝ በእሳቸው ሰፈር አላልፍም ነበር።

የለንደን ብርድ ካለፈ በኋላ ደወለችልኝ። ኪንግስተን ደርሳ መመለሷ ነበር። በማግሥቱ ክፍሌ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እሱ የሠራበት ወደብ የለም» አለች። «መርከቦቹ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲሱ ወደብ ሄደዋል። ዳርቻው ላይ አሁን ትልልቅ የቢሮ ሕንፃዎች ናቸው። ገበያው ግን አለ። ቲያትር ቤቱም አለ፣ ቀለሙ ረግፏል።»

«የእናታቸውስ መቃብር?»

«የቀብር መዝገቡ ላይ ስሟን አገኘሁት። ቦታው ግን ሣር ውጦታል፤ ድንጋይ የለውም። ጠባቂው ከዚህ እስከዚያ ባለው ውስጥ ናት አለኝ። መካከሉ ላይ ቆሜ እሱ እንደሞተ ነገርኳት። ለምን እንዳልመጣም ነገርኳት። ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት፤ ጠባቂው ባርኔጣውን አወለቀ።»

ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። በለቅሶው ቀን እንኳ እንዲያ ስታለቅስ አላየኋትም። አጠገቧ ተቀምጬ እስክትጨርስ ጠበቅሁ፤ ከዚያም ባቡር ጣቢያው ድረስ ሸኘኋት።