ዋርካው የሚባሉ ሰዎች

ልጅ ሳለሁ መርሳ ላይ መብራት የጠፋ ማታ ሁሉ ለኔ በዓል ነበር። ያኔ የአባቴ አክስት እማማ ዝናሽ ከከሰሉ ፍም ጠጋ ብለው፣ ኩራዙ ጣሪያውን እያጠቆረ፣ እሳቸው ባልከዳቸው ጥርስ ሽንብራ እየቆረጠሙ ተረት ያወሩልን ነበር። ከሁሉም የምወደው የቅድመ አያታቸውን የዋርካውን ታሪክ ነበር። አባቴ ግን የልጆች ወሬ ነው ብሎ ጆሮ ሰጥቶት አያውቅም።

ዋርካው የሚባል ሰው ከኛ ወገን ሌላ አናውቅም ነበር። ወልድያ ስሄድ እንኳ ስሙን የሰማ ሁሉ ደግሞ ይጠይቀኝ ነበር። ስሙ ያለበት ሰው ሁሉ ዘመዳችን ነው ብሎ አባቴ አምኖ ኖረ።

ታዲያ እህቴ ብርቄ የሐራ ልጅ የሆነ ሹፌር ወደደች፤ ሽማግሌ ተላከ። እንደ ወጉ እስከ ሰባት ቤት ዘር ተቆጠረ። አባቴ የኛን እየቆጠረ ዋርካው ላይ ደረሰ። የልጁ አጎትም የነሱን ሲቆጥሩ እንዲሁ ዋርካው ላይ ደረሱ።

«በቃ፣ አንድ ሥጋ ናቸው» አለ አባቴ አንገቱን ደፍቶ። የብርቄ ለቅሶ ከጓዳ ተሰማ። እማማ ዝናሽ ግን ሽንብራቸውን እየቆረጠሙ ፈገግ ብለዋል።

«እማማ፣ ያንን ተረት ለምን አይነግሯቸውም?» አልኳቸው።

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» አሉና ጀመሩ። «ልጅ አልበረክት ያላቸው ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ የመርሳ፣ አንዷ የሐራ። ሞት እንዳያይባቸው ልጆቻቸውን የጣሉ ሊመስሉ መንገድ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተገናኙ። የሚያነሳላቸው ሰው ሲጠፋ አንዷ የሌላዋን ልጅ አንስታ ጥቂት ተራመደችና ልጆቹን መልሰው ተሰጣጡ። ሁለቱንም ዋርካው አሏቸው፤ ሁለቱም አደጉ።»

የልጁ አጎት ጺማቸውን እያሻሹ «ሲሰጣጡ ተሳስተው ቢሆንስ?» አሉ።

«ቢሳሳቱስ? የማን ልጅ የማን እንደሆነ ይጠፋ እንደሆን እንጂ፣ ባዕዶቹ ወንድማማች አይሆኑ።»

አጎትየው ሳቁ፤ አባቴም ሳቀ። ብርቄ እንባዋን ሳትጠርግ ከጓዳ ወጥታ የእማማን ጉልበት ሳመች።

እማማ ካረፉ ቆይተዋል። ዛሬም ሰው ዘሩን ሲቆጥር ስሰማ፣ ስሙን ማን አወጣው ብዬ መጠየቅ አልተውኩም። የብርቄ የበኩር ልጅ ዋርካው ይባላል። በሁለቱም ወገን ዋርካው ያለው የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ መንገድ ላይ ባገኘሁት ቁጥር፣ ጎረምሳ ሆኖም እንኳ፣ እቅፍ አድርጌ ከመሬት አንስቼ ጥቂት ሳልራመድ አልለቀውም።