የእናንተ ብርጭቆ

ባለፈው እሁድ ከሰዓት... እዚሁ ቀራንዮ ሰፈራችን፣ አንድ ጎረቤታችን አርፈው ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ከእማዬ ጋር ቁጭ ብለን ሻይ መጣልን። አመስግነን ጠጣን። ያቺ ምስጋናዬ ናት እስከ ዛሬ የምታንገሸግሸኝ።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። እማዬ ሰሜን ሸዋ ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ የተወለደች ቤተ እስራኤል ናት። ሠላሳ ዓመት እዚህ ሰፈር ስትኖር ግን አንድ ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። አፈ ሰፊዋ እኔ ነኝ። አምና፣ እንደኔው ወላጆቻቸው ዘራቸውን ደብቀው ያሳደጓቸውን ልጆች አሰባሰብኩና ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ሳሎን ሰንበትን ማክበር ጀመርን። ስምንት ነን። አስተማሪ የለንም። ስልካችን መሶብ ውስጥ ይከደናል፣ ምግቡ ዓርብ ተሠርቶ ያድራል፣ አንዱ ከኦሪት ያነባል፣ ከዚያ ክርክር ነው... ትንሽ የሚያውቀው መጀመሪያ ይናገራል። ስለዚህ ሁሌም የምጀምረው እኔ ነኝ።

ሰፈሩ ዝማሬያችንን ሲሰማ «ጴንጤ ሆኑ» ብሎ አማን። አንድ ቀን የእድሩ ዕቃ ኃላፊ እትዬ ዘነበች እኔንና እማዬን በር ላይ አገኘችን። (ፊት ለፊት አንቱ ነው የምላት፤ እዚህ ግን ይቅርብኝ።)

«ጴንጤ ሆናችሁ እንዴ?» አለች እየሳቀች።

«ኧረ እትዬ! እኛማ ቤተ እስራኤል ነን!» አልኳት ደረቴን ነፍቼ። እማዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ዘነበች «እሰይ፣ እሰይ» ብላ ሦስቴ ሦስቴ ስማን ሄደች።

ከዚያ በኋላ እማዬ ለቅሶ ቤት ወጥ ልትሠራ ስትነሳ «አንቺ ይበቃሻል፣ አረፍ በይ» ይሏት ጀመር። እኔ ጅሏ ዕድሜዋን ያከበሩላት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

እና እሁድ ላግዝ ብዬ ብርጭቆዎቹን በትሪ ሰብስቤ ከድንኳኑ ጀርባ ወደ ማጠቢያው ወሰድኩ። ዘነበች ከትሪው ላይ ሁለቱን ብቻ በጣቷ ጫፍ አንስታ ለየቻቸው። እኔና እማዬ የጠጣንባቸው ናቸው። የሁለቱም ቂጥ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ተቀብቷል።

«ምልክቱ የምንድን ነው?»

«የእናንተ ናቸው።»

«እኛ መቼ ብርጭቆ አመጣን?»

«በክፋት አይደለም ልጄ... ሰዉ ፈራ። ዓይን፣ ቡዳ ምናምን ይላል፤ ታውቂው የለ? እኔ እንኳን አላምንበትም» አለችና ብርጭቆውን የነካችበትን እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገች። ደጋግማ ጠረገች።

ቀፈፈችኝ። ሰው ሞቶ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ ሰዉ እያለቀሰ... አንዷ ጥግ ይዛ የብርጭቆ ቂጥ ስትቀባ ታየኝ። ዘነበች ራሷ ደግሞ ስንገባ «እግዜር ይስጣችሁ» ብላ ስማናለች።

ዞር ስል እማዬ ከኋላዬ ቆማለች።

«ሰማሽ?» አልኳት።

«አውቃለሁ። በሱ ስጠጣ ይሄ ሦስተኛ ለቅሶዬ ነው።»

«እና ዝም አልሽ?!»

«ቀስ በይ፣ ለቅሶ ቤት ነው። ከእድሩ ተጣልቼ ስሞት ማን ይቀብረኛል? አንቺና የቅዳሜ ጓደኞችሽ?»

ከጥፍር ቀለሙ በላይ ይሄ አመመኝ። እኔ ደረቴን ነፍቼ የተናገርኩት ነገር እሷን ቀባሪ አጣለሁ ብላ እንድትሰጋ አድርጓት ነው የከረመው። በራሴም አፈርኩ። ግን አፌ መቼ አርፎ ያውቃል...

«ቃሬዛ የሚይዘው እኮ አራት ሰው ነው። እኛ ስምንት ነን።»

እማዬ አየችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ አንዱን ብርጭቆ አነሳች፣ ገልብጣ ቀዩን ቀለም ተመለከተችው፣ እና... ለቀቀችው። ድንጋዩ ላይ ብትንትን አለ።

«ውይ፣ አመለጠኝ» አለች። ፊቷ ላይ ምንም ድንጋጤ የለም።

ሁለተኛውም አመለጣት።

ዘነበች ጭንቅላቷን ያዘች። «እንዴ! የእድር ዕቃ እኮ ነው! የሁላችንም ንብረት ነው፣ ትተካላችሁ!»

አያችሁልኝ... ሲጠጣበት የእኛ፣ ሲሰበር የሁላችንም።