ጣራው ላይ የተለጠፈች ክብ

በደርግ ጊዜ ጉለሌ ውስጥ በአንድ የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት አስተምር ነበር። ሰው ማመን አልፈጠረብኝም፤ ዘመኑም ለዚህ ጠባዬ የተመቸ ነበር። ሕፃናቱን የምታጥብና የምትመግብ ሞግዚት ነበረችን። የሴቶች ማኅበር ስለላካት፣ እሷ ባለችበት ስለ ዝናብና ፀሐይ እንኳን ሳወራ ቃል እመርጥ ነበር።

የልጆቹ ጣት እንዲፈታ ከሳሙና ካርቶን ሦስት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘንና ክብ እያስቆረጥኩ ወረቀት ላይ አስለጥፋቸዋለሁ። ኮላ ስላልነበረን ዱቄት በውሃ አንተክትከን ነው ሙጫ የምንሠራው። መቀስ ሲይዙ ሁሉም ምላሱን አውጥቶ ያምጣል። ከሁሉም ቀልጣፋዋ አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች፤ እናቷ አዲሱ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች። ልጅቷ ክብ ስትቆርጥ ካርቶኑን እንጂ መቀሱን አታዞርም። ይህን ማንም አላስተማራትም።

አንድ ቀን «ቤታችሁን ሥሩ» አልኳቸው። አራት ማዕዘኑ ቤት፣ ሦስት ማዕዘኑ ጣራ፣ ክቡ ሰው ነው። ልጅቷ ሦስት ክብ ቤቱ ውስጥ ለጠፈች። ከዚያ አንድ ጨምራ ጣራው ላይ መሃል ለመሃል ለጠፈች።

«ሰው ጣራ ላይ ይወጣል እንዴ የኔ ቆንጆ?» አልኳት።

«አጎቴ ነዋ! ሰው ሲመጣ ኮርኒስ ውስጥ ይገባል።»

ክው አልኩ። ወጣቶች ለብሔራዊ ውትድርና ከመንገድም ከቤትም የሚታፈሱበት ጊዜ ነበር። ሞግዚቷ አጠገባችን ልጆች ታስታጥባለች። ትስማ አትስማ አላወቅሁም። ነገ ደግሞ የቀበሌ ሰዎች የልጆቹን ሥራ ሊያዩ ይመጣሉ፤ ወረቀቱ ሁሉ ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ነው። ሙጫው ሳይደርቅ ክቧን በጥፍሬ ፈልቅቄ አነሳኋት። ልጅቷ እሪ አለች።

«አጎቴን! አጎቴን ወሰደችብኝ!»

ሞግዚቷ ቀና አለች። «ምን ሆና ነው?»

«ሙጫው አልይዝ ብሏት ነው» አልኩና ልጅቷን አቅፌ አፍንጫዋን መጥረግ ጀመርኩ። ሞግዚቷ ወረቀቱን አየት አድርጋ ወደ ማስታጠቧ ተመለሰች። እንዲህ በቀላሉ ማለፏ ይበልጥ አስፈራኝ።

እናትየው ልትወስዳት ስትመጣ ሌላ ጭንቅ ገባኝ። ብነግራት፣ አውቄ መደበቄን በአፌ ማመኔ ነው። የቀበሌ ሰዎች ሊፈትኑኝ ልጅቷን ልከዋት ቢሆንስ? ልጅን አስጠንቶ መላክ ምን ይከብዳቸዋል? ሕፃን ልጅን እንዲህ መጠርጠሬ አሁን ያስቀኛል፤ ያኔ ግን የምሬን ነበር። ዝም ብል ደግሞ የሰው ሕይወት ነው።

«ልጅዎ እጇ ቀልጣፋ ነው» አልኳት። «ብቻ ሰው ብለን የምንለጥፈውን ክብ ታበዛለች፤ ጣራ ላይ ሳይቀር ትለጥፋለች። እስቲ ቤት ያለማምዷት።»

ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ ሞግዚቷም እንድትሰማ ይመስለኛል፣ ጮክ ብላ «እኛ ቤት ሦስት ነን፤ ቀበሌም ያውቀናል!» አለችኝና ልጅቷን እየጎተተች ወጣች። ያየችኝ እንደ ጆሮ ጠቢ ነው። አንገቴን ለካራ ሰጥቼ ይህ ሲደርስብኝ እርር አልኩ።

በማግስቱ የቀበሌው ሰዎች መጡ። ጠብመንጃ ያነገተው የአብዮት ጥበቃ ከዚያ ሁሉ ሕፃን መካከል ቀጥ ብሎ ወደ እሷ ሄዶ ጎንበስ አለ። እንዲያው በአጋጣሚ ይሁን፣ ሞግዚቷ ጠቁማው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

«እስቲ የናንተን ቤት ሥሪልኝ» አላት።

ሦስት ክብ ቤቱ ውስጥ ለጠፈች። ጣራውን ባዶውን ተወችው። ሰውየው «ጎበዝ!» ብሎ ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጎ አለፈ። የልጆቹ አግዳሚ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሰዎቹ ሲወጡ ጠጋ ብዬ በለሆሳስ «ጎበዝ የኔ ልጅ» አልኳት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ እቅፍ ላደርጋት እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን ወረቀቷን በክንዷ ሸፈነችብኝ።

«እኛ ቤት ሦስት ነን፣ ቲቸር» አለችኝ። ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል የተረፉትን ክቦች በሁለት ጣቷ አንድ በአንድ እየለቀመች ቀሚሷ ሥር ደበቀቻቸው።