ሽማግሌዎቹና አምባዛው

ቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ሩዝ ማሳ ውስጥ ጎርፍ ጥሎት የሄደውን ረጅም አምባዛ ይዤ፣ ወረታ ቤታችን ሳሎን በመስታወት ገንዳ አኖረው ነበር። ዓሣ ይሁን እንጂ ሲንቀሳቀስ እባብ ይመስላል።

እሑድ ለእኅቴ ሽማግሌ መጣ። ትልቁ ሽማግሌ ቆመው «ልጃችሁን ለልጃችን…» ብለው ሳይጨርሱ፣ አምባዛዬ ከገንዳው ዘሎ እግራቸው ላይ ዱብ!

«እባብ! እባብ!» ብለው ወንበር ላይ ወጡ። አባቴ ዱላቸውን አነሡ።

«አባባ፣ አይምቱት! ዓሣዬ ነው!» እያልሁ ብይዘው ብይዘው ይሙለጨለጫል።

ይኼኔ ጓዳ የነበረችው እኅቴ ዘላ ወጣች። በሁለት እጇ ጨብጣ አነሣችው፣ ገንዳው ውስጥ መለሰችውና ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሳ ገባች።

ሽማግሌው ከወንበሩ ሳይወርዱ ወደ ጓደኛቸው ጎንበስ አሉ።

«ምን ይሻለናል? የእኛ ልጅ እኮ ዶሮ እንኳ ይፈራል!»