የአናጢው ካርድ

የሆስፒታሉ ሐኪሞች ከበሽታ ይልቅ የሚፈሩት የካርድ ክፍሏን ሴትዮ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ካርድ ይዛ በደረጃው ብቅ ስትል ወጣቶቹ መሸሸጊያ በር ይፈልጋሉ። ያገኘችውን ታቆመዋለች። «ዶክተር፣ ይቺ ደግሞ ምንድነው?» ሐኪም የሚባል ፍጥረት ሙሉ ቃል መጻፍ አይሆንለትም፤ ሁለት ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ጣል አድርጎ ይሄዳል። እሷ ደግሞ ሙሉ ቃሉን በራሱ በጻፈው ሰው እጅ ሳታስጽፍ ካርዱን ወደ መደርደሪያው አትመልስም። ስሟ ቀርቶ «እትዬ ምንድነው» ተብላለች። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» እያለች ትስቃለች። የሚያስጠይቃት ግን ጸጸት ነው።

ከሃያ አራት ዓመት በፊት፣ አዲስ ተቀጣሪ ሳለች፣ የካርድ ክፍሉ ጣሪያ አፈሰሰ። ጽሕፈቷ ያምር ነበርና አለቃዋ የበሰበሱትን ካርዶች በአዲስ እንድትገለብጥ አዘዟት። ደንቡ፣ ካርድ ከተገለበጠ በኋላ አሮጌው ይቃጠላል። ከካርዶቹ አንዱ የአንድ አናጢ ነበር። የበሽታው ስም በሚጻፍበት መስመር ላይ ያለው ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ ኤም ኤስ። የጻፈው ሐኪም ሥራ ለቆ ሄዷል። ለልብ ሐኪሞች እነዚህ ፊደሎች የልብ በር መጥበብ ናቸው፤ ለነርቭ ሐኪሞች ሰውነትን ቀስ በቀስ የሚያደነዝዝ የነርቭ በሽታ፤ ለመድኃኒት ቤት ደግሞ ሞርፊን። እሷ ያን ጊዜ የምታውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ሥራዋ የተሟላ እንዲመስል ብላ «የልብ በር መጥበብ» ስትል በሚያምር ጽሕፈቷ ሞላችው። አሮጌውን ጓሮ ወስዳ አቃጠለችው።

የቀሩትን ትርጉሞች የሰማችው ከዓመት በኋላ፣ ሐኪሞች ሻይ እየጠጡ ሲቀላለዱባቸው ነው። እየሮጠች ወርዳ ካርዱን አወጣች። አናጢው ከሞተ ሦስት ወሩ። የተከታተሉት ሁሉ ከሰውየው ይልቅ ካርዱን አምነው፣ እስከ መጨረሻው የልብ መድኃኒት ጽፈውለታል። ለማን ትናገር? አሮጌው ካርድ አመድ ሆኗል፤ ልክ ትሁን ትሳሳት የሚመሰክር የለም። ዝም አለች። ዝምታው ውስጥ ውስጧን በላት።

የሟቾች ካርድ ከአሥር ዓመት በኋላ ይወገዳል። የአናጢውን ማስወገድ ግን አቃታት፤ በየዓመቱ ቦታ እየቀያየረች በሕይወት ካሉ ሰዎች ካርዶች መሀል ደበቀችው። አንዳንድ ቀን ሌላ ካርድ ፍለጋ የሰደደችው እጇ እሱኑ ይዞ ይወጣል። ራሷ እንዳስቀመጠችው ታውቃለች፤ ቢሆንም ሰውየው ተከትሏት የመጣ ይመስላታል። ያን ቀን በመደርደሪያዎቹ መካከል ስታልፍ ጀርባዋን ይበርዳታል።

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ምርኩዝ ይዛ መስኮቱ ጋ ቆመች።

«እትዬ፣ የአባቴን ካርድ ፈልጌ ነበር። አናጢ ነበር። ከሞተ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ይኖር ይሆን?»

እትዬ ምንድነው እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ለምን ፈለግሽው፣ ልጄ?»

«እግሬን ይደነዝዘኛል። ሐኪሙ በቤተሰብ የነርቭ በሽታ አለ ወይ አለኝ። የለም፣ አባቴ የልብ በሽተኛ ነበር አልኩት። እንግዲያው ሌላ ነገር እንፈልጋለን፣ ብቻ ማስረጃ አምጪ ብሎኝ ነው። ማህተም ቢመቱልኝ ይበቃኛል።»

ካርዱ የት እንዳለ ማሰብ እንኳ አላስፈለጋትም። አምጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ማህተሙ አጠገቧ ነው። ብትመታ ማንም አያውቅባትም፤ ጡረታ ለመውጣትም የቀራት ስድስት ወር ነው። ግን ሐኪሙ ያንን ማህተም አይቶ የዚህችን ልጅ ሕመም ከሌላ ቦታ ይፈልጋል፤ ልክ እንደ አባቷ። ማህተሙን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«ግቢና ተቀመጪ» አለቻት። ጣሪያውን፣ ሁለቱን ፊደሎች፣ እሳቱን፣ ሁሉንም ነገረቻት።

ልጅቷ ካርዱን ስባ በአባቷ ስም ላይ ጣቷን አሳረፈች። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«መጨረሻ አካባቢ» አለች፣ «አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ‹ጫማዬን አድርጌያለሁ?› ብሎ ይጠይቀን ነበር። እናቴ ልቡ ደክሞ ነው የሚቀባጥረው ትለን ነበር። እኛ እንስቃለን። ልጆች ነበርንና።»

«አድርጎ ነበር?»

«አንዳንዴ አድርጎ፣ አንዳንዴ ባዶ እግሩን። አያውቀውም ነበር።»

እትዬ ምንድነው ዕንባዋ መጣ። ሃያ ሦስት ዓመት ስትፈራው የኖረችው መልስ ይኸው ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። እስክሪብቶ አንስታ የራሷን ያማረ ጽሕፈት ሰረዘችው። ሁለቱን ፊደሎች ከበላዩ ጽፋ፣ «ሐኪሙ የጻፈው ይህን ብቻ ነው። የተሰረዘው የእኔ ግምት ነው» የሚል ጨመረችበት። ፈረመችና ማህተም መታችበት።

«ለሐኪሙ ጫማውንም ንገሪው» አለቻት።

ልጅቷ ካርዱን ተቀብላ ምርኩዟን ጨበጠች። ከመነሳቷ በፊት ግን ጎንበስ ብላ እግሯን አየች፤ ጫማዋን ማድረጓን ለማረጋገጥ።